ከባትሪው አንድ ስንዝር

ጡረታ የወጣሁት እጄ ገና ሥራ እያማረው ነው። ስልሳ ሰባት ዓመት ሞላህ፣ በቃህ ብሎ ያሰናበተኝ ሕጉ እንጂ ጉልበቴ አይደለም። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ገመድ ብዳብስ የተላጠበትን ቦታ ጣቴ ያገኘዋል። ይህን ስል ጉራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ለሠራ ሰው ግን ትንሽ ጉራ አይበዛበትም።

ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ ውስጥ ልዩ ሥራዬ ቴፕ መግጠምና የተገጠመ ቴፕ ኃይል አጥቶ ሲያስቸግር ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ነበር። አሁን እንዲህ ያለው ሥራ እየጠፋ ነው። የዛሬ መኪና ቴፑ ከስክሪኑ፣ ስክሪኑ ከኮምፒውተሩ፣ ኮምፒውተሩ ከሁሉም ጋር ተጋብቷል፤ አንዱን ልንቀል ብትል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይነሣብሃል። በእኛ ጊዜ ግን የሃይፋ ወጣት ደመወዝ ሲቀበል መጀመሪያ ወደ እኛ ነበር የሚመጣ። ዓርብ ከሰዓት እኔ ከምኖርበት ከሀዳር ሰፈር ቁልቁል የሚወርዱት መኪኖች የቤቱን መስኮት ያንቀጠቅጡት ነበር። እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ "ይኼ የኔ ነው፣ ይኼም የኔ ነው" እያልሁ ባለቤቴን አሰለቻት ነበር።

አባቴ በጎንደር በኩል፣ ወገራ ውስጥ ብረት ሠሪ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠራሉ። ጎረቤቱ ማረሻውን እያሠራ፣ ዞር ሲል ደግሞ ቡዳ እያለ ይፈራን ነበር። እኔ ወናፍ እየነፋሁ አደግሁ። እዚህ አገር ስገባ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ሀዳር ውስጥ ጠባብ ቤት ተከራየሁ። ኡልፓን ከሚሉት የአዲስ ገቢዎች ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጥ ስማር ከረምሁና ወደቡ አጠገብ መጋዘን መጥረግ ጀመርሁ። መጥረግ አያሳፍርም። ግን እጄ ብረት የለመደ ነበርና መጥረጊያው አልሞላለት አለ።

በሦስተኛው ዓመት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ መኪና ገዛሁ። ቴፕ አለው፤ ይዘፍናል፤ ዝናብ ሲመጣና መብራቱንና የመስተዋት መጥረጊያውን ሳበራ ግን ድምፁ ጥፍት ይላል። ሰዎች ወደ ኡስታ ጀሚል ላኩኝ። ኡስታ ማለት ዐረቦች የሙያ አለቃን የሚጠሩበት ቃል ነው። ኡስታ ጀሚል ሃይፋ ተወልደው ያደጉ ክርስቲያን ዐረብ ናቸው፤ ጋራዣቸው ከሀዳር ወደ ታችኛው ከተማ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ መኪና አስገብቶ ሁለተኛውን ደጅ የሚያስቆም ቤት ነበር። ዕብራይስጥ አንተና አንቱ አይለይም። እኔ ግን ውሎ አድሮ በልቤ አንቱ እላቸው ነበርና፣ በአማርኛ ስጽፍ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

"ምን ሆነ?" አላሉኝም። "መቼ ነው የሚሆነው?" አሉኝ።

"መብራት ሳበራ ነው። መጥረጊያውን ስጨምርበት ይብሳል። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።"

አንገታቸውን ከመኪናው ውስጥ አውጥተው አዩኝ። "ይህን ማን ነገረህ?"

"ማንም። ሞክሬ ነው።"

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"መጥረግ።"

"አባትህስ?"

"ብረት ሠሪ።"

ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ በነጭ ፎጣ አደረቁ። ጋራዥ ውስጥ ነጭ ፎጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ተመልሰው ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ጥቁር ገመድ ፈለጉ። ገመዱ በብሎን ከመኪናው ብረት ጋር ታስሯል፤ ብረቱ ግን ቀለም የተቀባ ነው። ብሎኑን ፈትተው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱ ጥሬ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ አጸዱት፤ መልሰው አጠበቁት። መብራት አበሩ፣ መጥረጊያ አበሩ። ቴፑ መዝፈኑን ቀጠለ።

"አየህ፣" አሉኝ፣ "ኤሌክትሪክ እንግዳ ነው። በቀዩ ገመድ ይመጣል፤ በጥቁሩ ወደ ባትሪው ይመለሳል። የሚመለስበት ከተዘጋ መምጣትም ያቆማል። ሰው ሁሉ የሚመጣበትን ያያል፤ የሚመለስበትን የሚያይ የለም።" ከዚያ ፎጣቸውን አጥፈው፣ "ሰኞ ና" አሉኝ።

"መኪናው ተሠራ እኮ።"

"ለመኪናው አይደለም።"

እንዲህ ሆኖ ነው ሙያው ውስጥ የገባሁት። ደመወዙ ከወደቡ ያነሰ ነበር፤ ባለቤቴ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

የመጀመሪያውን ወር ገመድ እንድቆርጥ አልፈቀዱልኝም። መለካት ብቻ። ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሰጡኝና ባትሪውን ለካ፣ ፊውዙን ለካ፣ ከቴፑ ጀርባ ያሉትን ገመዶች ለካ አሉኝ። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል አለው፤ ቴፑ ሰዓቱንና የመረጥኸውን ጣቢያ የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ነፍስ የሚዘራ። ሁለቱ ከተቀያየሩ ቴፑ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል፤ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን ሲመጠምጥ ያድራል። ይህን ማንም ይማረዋል።

ማንም የማይማረውን አንድ ቀን አሳዩኝ። አንድ ገመድ አምጥተው ለካ አሉኝ። አሥራ ሁለት ቮልት ከነጥቡ አሳየ።

"ጤነኛ ነው?" አሉኝ።

"ጤነኛ ነው።"

የመኪና የፊት መብራት አምፖል አንሥተው ገመዱ ላይ አገናኙት። አምፖሉ ሊጠፋ እንደ ደረሰ ፍም ቀላ ብሎ ቀረ። "አሁን ለካው።" ስለካው አምስት ቮልት። ገመዱን በቢላ ሰነጠቁት፤ ውስጡ ያለውን መዳብ አረንጓዴ ዝገት በልቶት፣ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቶታል።

"ሥራ ፈት ገመድ ሁሉ ጤነኛ ነው፣" አሉኝ። "ሥራ አሸክመህ ለካው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ አምፖል ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ሌላም ልማድ ነበራቸው። እያንዳንዱን ማያያዣ ሁለቴ ይጎትቱታል፤ አንዱን የእጃቸውን ሥራ ለመፈተን፣ ሁለተኛውን መንገድ ላይ ለሚገጥመው ጉድጓድ። ሥራ ሲጨርሱ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡና ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይናገሩ ለትንሽ ጊዜ ያዳምጣሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ይጸልያሉ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ትልቅ ገመድ ከባትሪ ከወጣ፣ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይርቅም። በእጃቸው እየሰነዘሩ ያሳዩኝ ነበር። "ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ነው፤ ከእሱ ወዲህ ያለውን እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚጠብቀው።"

ይህን ሕግ የጣስሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጋራዡ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። ኡስታ ጀሚል ልጃቸውን ሊድሩ ናዝሬት ሄዱና የጋራዡን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። በዚያው ሳምንት ይርጋ መጣ። ይርጋ ሃሊሳ የሚባለው ሰፈር ሰው ነው፤ የራሱ ሚኒባስ አለው፤ በየዓመቱ ሽማግሎቻችንን ጾመን ለምንጸልይበት ለስግድ በዓላችን ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስድ እሱ ነው።

"ተገኘ፣" ብሎ በስሜ ጠራኝና፣ "ቄሱ መንገድ ላይ ሲጸልዩ ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙም። ማይክሮፎን፣ ትልቅ ስፒከርና ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ግጠምልኝ። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ወይም ኡስታን መጥራት። ግን ደስ አለኝ። ያገሬ ሰዎች የኔን ሥራ ሊሰሙ ነው። እናቴም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ናት።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ከባትሪው ወደ ኋላ አምፕሊፋየሩ ድረስ ወፍራም ቀይ ገመድ ዘረጋሁ። ባትሪው አጠገብ ለፊውዙ መያዣ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ብረት ቆርጦ፣ ቀዳዶ፣ አዲስ መያዣ መሥራት ይጠይቃል፤ ያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፊውዙን ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ አሰርሁት። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት መግባት ነበረበት። አልነበረኝም፤ በማጣበቂያ ፕላስተር ጠቀለልሁት። ከበዓሉ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ማታውኑ ሞከርነው፤ የይርጋ ድምፅ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ይርጋ ሳመኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሣን። ሽማግሎቹ ነጭ ለብሰው፣ ጾመው፣ ባለጥልፍ ጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ተቀምጠዋል። ቄሱ ከይርጋ ጎን ሆነው ማይክሮፎኑን ያዙ። ከኋላ ወንበር፣ እናቴ አጠገብ ነበርሁ። ቄሱ ሲጀምሩ እናቴ እጄን ጨበጠችና፣ "አጠገቤ እንዳሉ ሆነው ይሰሙኛል" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሰዓት ትዝ አይለኝም።

ከሃይፋ ወጥተን በባሕሩ ዳር መንገድ ጥቂት እንደሄድን ድምፁ ተቋረጠ። ቄሱ ማይክሮፎኑን አገላብጠው አዩት። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከፊት፣ ከቄሱ እግር ሥር ጥቁር ጢስ ወጣ።

"ይርጋ! አቁም! ሞተሩን አጥፋ!"

መንገዱ ዳር አቆመ። ሞተሩ ጠፋ፤ ጢሱ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ነበልባል ሆነ። በሩን ከፍተን ሽማግሎቹን ማውረድ ጀመርን። እናቴን አቅፌ አወረድኋትና ወደ ፊት ሮጥሁ። ኮፈኑን ከፈትሁት፤ ቀዩ ገመድ እንደ ፍም ግሏል። የባትሪውን ማሰሪያ ለመፍታት አሥር ቁጥር ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ጋራዥ ነው ያለው። በፒንሳ ይዤ አጠማዘዝሁት፤ መዳፌ ተላጠ። ማሰሪያው ሲወልቅ ይርጋ በእሳት ማጥፊያው ረጨው። ጠፋ።

ሁሉም ወርደዋል፤ ነፍስ የጠፋ የለም። እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት ግን ደረጃውን ሳይጠብቁ ዘለው፣ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። ሌላ አውቶቡስ ተጠራ፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ እንጂ እንደማይደርስ ተነገረን።

ያን ጊዜ ቄሱ ጥላቸውን ዘረጉ። "ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?" ብለው ይርጋን ጠየቁት። ይርጋ በእጁ አመለከተ። ሽማግሎቹ ሁሉ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ወደዚያው ዞረው፣ መኪና ሽው በሚልበት መንገድ ዳር ቆመው ጸለዩ። ማይክሮፎን አልነበረም። የቄሱን ድምፅ ግን ከዳር እስከ ዳር የሰማ እንጂ ያልሰማ አልነበረም።

እኔ አልጸለይሁም። ወደ ሚኒባሱ ኋላ ገብቼ ፊውዙን አየሁት። ደኅና ነው፤ እንደ አዲስ ያበራል። ምክንያቱም እሳቱ የተነሣው ከእሱ ወዲህ ነው። ገመዱ በቀዳዳው ላይ ሲፋተግ ፕላስተሩ ተበጣጠሰ፤ የብረቱ ጠርዝ ላስቲኩን በላና ቀዩ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር ተገናኘ። ባትሪው ያለ የሌለ ኃይሉን በዚያ አፈሰሰው። ፊውዙ አንድ ስንዝር ላይ ቢሆን ኖሮ በዓይን እርግብግቢት ተቃጥሎ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አይተው "አሮጌ መኪና ነው፣ ሞተር አካባቢ ነው" ብለው ሄዱ። ይርጋም "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" አለ። እኔ ዝም አልሁ። ሦስት ቀን ዝም አልሁ።

ኡስታ ጀሚል ከሠርጉ ሲመለሱ ሚኒባሱ ደጃችን ተጎትቶ ቆሟል። እጃቸውን ታጠቡ፤ አደረቁ። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ዳበሱ። ከዚያ ቀዩን ገመድ ከባትሪው ጀምረው በዓይናቸው ተከተሉት።

"ፊውዙ የት ነው?"

"ከኋላ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው አዳመጡ፤ በዚያች መኪና ውስጥ ግን የሚደመጥ ነገር አልነበረም።

"ማን ያውቃል?" አሉኝ በመጨረሻ።

"እኔና አንቱ።"

"መኪናውን መሥራት የሁለታችን ነው፤ ጋራዡ የኔ ነውና። መንገር ግን ያንተ ብቻ ነው።"

በዚያው ቀን ሃሊሳ ወረድሁ። ይርጋ ከሚስቱ ጋር ምሳ ላይ ነበር። ቁጭ በል ቢለኝ አልቀመጥም አልሁ።

"ይርጋ፣ እርጅና አይደለም። እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርሁት፤ የፊውዙን፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ስለ ግማሽ ቀን ብዬ የተውሁትን።

ፊቱ ጠቆረ። ተነሥቶ ቆመ። "አሥራ አራት ሽማግሌ ጭኜ ነበር!" አለኝ። "ቄሱን ጭኜ ነበር! ለግማሽ ቀን?"

"ለግማሽ ቀን።"

"እናትህም እኮ እዚያ ነበረች።"

"አውቃለሁ።"

ሚስቱ በቀስታ፣ "ባይነግረን ማን ያውቅበት ነበር?" አለችው። ይርጋ ወጥቶ ሄደ። ሰላምታውን መልሶ የሰጠኝ ከብዙ ወር በኋላ ነው።

ከእሱ ቤት ወጥቼ እማማ ብርቄ ዘንድ ሄድሁ። እጃቸው በጄሶ ታስሮ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁና ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"አባትህ ብረት ሠሪ አልነበሩም?" አሉኝ።

"ነበሩ፣ እማማ።"

"የሠሩት ማረሻ ተሰብሮ ሲመጣባቸው ምን ያደርጉ ነበር?"

"መልሰው አግለው ይቀጠቅጡት ነበር።"

"ይቆጡ ነበር?"

"በማረሻው አይቆጡም። በራሳቸው ይቆጡ ነበር።"

"እንግዲያው ተነሥ፤ ጉልበቴን አትያዘኝ። ሂድና ቀጥቅጥ።"

ሄድሁ። ኡስታና እኔ የሚኒባሱን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ አደረግነው። ለፊውዙ የሚሆነውን መያዣ እኔ በእጄ ከጠፍጣፋ ብረት ቆርጬ፣ በእሳት አጥፌ፣ የባትሪው ጎን ላይ እንዲቀመጥ አድርጌ ሠራሁት። ኡስታ ጀሚል ስንዝራቸውን ዘርግተው ለኩት፤ ሁለት ጣት ተርፎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቦታ የለም የምትባል መኪና ስትመጣ እሷ የምትፈልገውን መያዣ እሠራለሁ። ቆይቶ ከሌሎች ጋራዦች ሳይቀር እየመጡ "የኢትዮጵያዊውን ብረት ስጡን" ይሉ ጀመር። አባቴ ማረሻ ሠሩ፤ እኔ ደግሞ የፊውዝ መያዣ። ከእሳቸው መዶሻ የወረደ ሥራ ነው ብዬ እኮራበታለሁ።

ኡስታ ጀሚል ጉልበታቸው ሲደክም ጋራዡን ዘጉ። እኔ ከወደቡ ወዲያ፣ ፋብሪካዎቹ ባሉበት ሰፈር አንድ ትልቅ ጋራዥ ተቀጠርሁ። አለቃዬ ኢታይ የሚባል፣ ከኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው ነበር። ክፉ አይደለም፤ ግን ችኩል ነው። ለእሱ የተበላሸ ነገር መፍትሔው መቀየር ነው። ቴፕ አስቸገረ? ቀይረው። ባትሪ? ቀይረው። ስለካ ሲያየኝ፣ "ታጌ፣ ሐኪም ነህ እንዴ?" ይለኝ ነበር። ተገኘ ማለት ስለሚከብደው ነው ታጌ የሚለኝ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። በየቤቱ እየዞረች አሮጊትና ሽማግሌ የምታክም ነርስ ናት። ስልኳ ከመኪናው ቴፕ ጋር የተገናኘ ነው፤ እየነዳች የበሽተኞቿን ቤተሰብ የምታነጋግረው በእሱ ነው። ቴፑ ግን በንግግር መሐል ይሞትና እንደገና ይነሣል። ሌላ ቦታ ቴፑን ቀይረውላታል፤ ባትሪውንም ቀይረውላታል። አልዳነም።

"ትናንት አንድ ሰውዬ ሚስቱ መተንፈስ እንዳቃታት እየነገረኝ ተቋረጠ፣" አለች። "እስክቆምና እስክደውል ድረስ ልቤ ወጣ። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ለሚቀጥለው ግን ዋስትና የለኝም።"

ኢታይ መኪናዋን ገና ሳያያት "አምፕሊፋየሩን እንቀይረው፣ ቤሰደር?" አላት፤ እሺ ወይ ማለቱ ነው።

"መቼ ነው የሚጠፋው?" አልኋት እኔ።

"ማለት?"

"ቁልቁል ስትወርጂ ነው? ሽቅብ ስትወጪ? ስትዞሪ?"

ቆም ብላ አሰበች። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም። "ሽቅብ ነው፣" አለች። "ከሀዳር ወደ ተራራው አናት ስወጣ። ስወርድ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።"

ኢታይ ሳቀ። "ቴፑ ዳገት ይደክመዋል ማለት ነው!"

"አንድ ሰዓት ስጠኝ" አልሁት። ሰዓቱን አይቶ እጁን አወናጨፈ።

የቴስተሩን ገመዶች በረጅም ሽቦ ቀጥዬ አንዱን ከባትሪው፣ ሌላውን ከመኪናው አካል ጋር አገናኘሁና በመስኮት አሳልፌ ጭኔ ላይ ያዝሁት። ነርሷ ነዳች። መንገዱ ሜዳ ሳለ ቁጥሩ አሥራ ሦስት ተኩል ነው፤ አይነቃነቅም። ሀዳርን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ፣ ኩርባው ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ፤ ሰባት። ቴፑ ሞተ።

"እግርሽን አንሺ!" አልኋት። አነሣች። አሥራ ሦስት ተኩል። ቴፑ ተነሣ። "ርገጪ።" ሰባት። ደገምነው፤ ሰለስነው። እሷ ፈራች፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ።

ሞተር በዳገት ሲጨነቅ በማረፊያው ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄድ፣ ከመዳብ ክር የተጎነጎነ አጭር ገመድ አለ፤ የመመለሻው መንገድ እሱ ነው። ጋራዥ ተመልሰን ከሥር ገብቼ ስዳብሰው ያልሁት ሆኖ አገኘሁት። የባሕሩ ጨው በልቶታል፤ ጥቂት ክር ብቻ ቀርቶታል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክሮቹ ይነካካሉ፤ ሲያዘነብል ይላቀቃሉ። በቴፕ፣ በባትሪ፣ በአምፕሊፋየር የሚድን በሽታ አልነበረም። የአንድ ክንድ ሩብ የምታህል ገመድ ቀየርሁ፤ ሁለቱንም ጫፍ ጥሬ ብረት እስኪታይ ፍቄ አሰርሁ፤ ሁለቴ ጎተትሁ።

በዚህ ጊዜ ኢታይ ራሱ መኪናዋን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት፣ "ታጌ፣ ለአንድም ጊዜ አልጠፋም" አለኝ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሠራተኞች ዞሮ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ታጌ ሳያየው ማንም ምንም እንዳይቀይር!" አላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላው ጋራዥ ተስፋ የቆረጠባት መኪና ሁሉ ወደ እኔ መጣች። እኔም እያንዳንዱን ሰው መቼ ነው እያልሁ እየጠየቅሁ፣ እየለካሁ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ሠራሁ። የረታኝም አለ። አልዋሽም፣ ሁለት ሦስት መኪና ምክንያቱን ሳላገኝ መልሻለሁ። ባለቤቶቻቸውን ግን አላውቀውም ብዬ በግልጽ ነግሬ ነው የሸኘኋቸው።

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ወደ ጡረታ ቢሮ ተጠራሁ። ወረፋዬ ሲደርስ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ስሜን ስክሪኑ ላይ አወጣችና ማንበብ ጀመረች። የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ፣ የልጆች ቁጥር። ከዚያ "ሙያ፦ ፖዔል ፓሹት" አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ፖዔል ፓሹት ማለት ተራ የጉልበት ሠራተኛ ማለት ነው። እዚህ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ሰሞን፣ ቋንቋውን ሳላውቅ፣ ማን እንደጻፈው የማላውቀው ቃል ለሠላሳ ሦስት ዓመት ከስሜ ጎን ተቀምጧል ማለት ነው።

"ቆይ፣" አልኋት፣ "እሱ ትክክል አይደለም።"

"የትኛው?"

"ሙያው። ሐሽማላይ ሬኸቭ ነኝ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ።"

ፈገግ አለች፤ ክፋት የለባትም። "አባቴ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ብቀይረውም በገንዘቡ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።"

"በገንዘቡ ላይ ምንም እንዲጨመር አልጠየቅሁም።"

ከኋላዬ ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቱ ወደ ወረፋው አየች፤ ወደ እኔ አየች። "ማስረጃ አለዎት?"

ኡስታ ጀሚል እየገፋፉ ያስፈተኑኝን፣ በሁለተኛው ሙከራ ያለፍሁበትን የምስክር ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ታጥፎ ታጥፎ በመሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። ተቀብላኝ አነበበችው፤ ቀና ብላ እጄን አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገችና የቀድሞውን ቃል ፊደል በፊደል አጠፋችው።

"ሐሽማላይ ሬኸቭ፣" አለች እየጻፈች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ፣ "እንዲህ ነው?" አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ በቀስታ አነበብሁት።

"እንዲህ ነው፣" አልኋት።